ስለ ጠመንጃ ደንብ የሚያወጣው ማን ነው?

ከግምጃ ቤት የሚወጣ ጠመንጃ ሁሉ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ተረካቢው ፈርሞበት እንደሚወጣ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። በሲቪሉ ኅብረተሰብ እጅ ስላለው መሣሪያ ደንብ የማውጣት ሥልጣን የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን በአሜሪካ ለብዙ ዘመን አከራክሯል። ዴንቨርና አውሮራን በመሰሉ ከተሞቿ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን የኮሎራዶን ግዛት ምሳሌ አድርገን ነገሩን ለማስረዳት እንወዳለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ አገር እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አለው፤ ከተሞችም በበኩላቸው ደንብ ያወጣሉ። ከ40 በላይ የሚሆኑ ግዛቶች ግን ከተሞች ስለ ጦር መሣሪያ ደንብ የማውጣት ሥልጣናቸውን በሕግ ገድበዋል። ኮሎራዶም በ2003 እንዲሁ አደረገች። ዴንቨር ተከራክራ፣ በ2006 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሦስት ለሦስት እኩል ስለ ተከፈሉ በ1989 ያወጣችው ክልከላ ጸንቶላት ቀረ። የቦልደር ከተማ ዕድል ግን ሌላ ሆነ። በ2018 በጦር ሜዳ መሣሪያ አምሳል የተሠሩ ጠመንጃዎችንና ብዙ ጥይት የሚጎርሱ ካዝናዎችን ብትከለክልም፣ ማርች 12 ቀን 2021 ዳኛ ደንቡ የግዛቱን ሕግ ይቃረናል ብሎ አገደው። በ10ኛው ቀን አንድ ታጣቂ በከተማይቱ ወደሚገኝ የምግብ መደብር ገብቶ 10 ሰዎች ገደለ። ከሟቾቹ መካከል አስቤዛ ሊገዙ የወጡ፣ በመደብሩ ተቀጥረው የሚሠሩና ለእርዳታ ቀድሞ የደረሰ አንድ ፖሊስ ይገኙባቸዋል።

እገዳው ባይኖር ኖሮ ሰዎቹ ይተርፉ ነበር ማለት አይቻልም። ገዳዩ መሣሪያውን የገዛው ከስድስት ቀን በፊት ከሌላ ከተማ፣ ከአርቫዳ ነውና። ደግሞም አንድ መንገደኛ በአንድ ቀን አምስት ከተማ ሲያቋርጥ አምስት ዓይነት ደንብ ቢጠብቀው ሳያውቀው ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። የበታች ክፍል የበላዩን መመሪያ እንዳይጥስ የሠለጠንን እንደ መሆናችን ይህን ክርክር አናቃልለውም።

ሆኖም የበላይ መመሪያ የጥበቃውን ዝቅተኛ መጠን ይወስናል እንጂ አደጋ ያንዣበበበት ጣቢያ ዘቡን እንዳያጠናክር አይከለክልም። በፍሎሪዳ በ2011 የወጣው ሕግ ግን ገደቡን ሆን ብሎ የጣሰ የከተማ ሹም እስከ 5,000 ዶላር ከራሱ ኪስ እንዲከፍልና በአገረ ገዢው ከሥልጣን እንዲሻር ይፈቅዳል። በ2018 በፓርክላንድ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ከተሞች ተባብረው ቅጣቱን በፍርድ ቤት ቢቃወሙም፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 አጸናው። ሹሙን በኪሱና በእንጀራው እያስፈራሩ ስለ ሕዝብ ደኅንነት በነጻ ኅሊና ምከር ማለት ለእኛ አይዋጥልንም።

ኮሎራዶ ሌላ መንገድ መረጠች። በዚያው በ2021፣ በጁን ወር፣ የ2003ን ክልከላ ሽራ ከተሞች ከግዛቱ ሕግ የጠበቀ እንጂ የላላ ደንብ እንዳያወጡ ደነገገች፤ ቦልደርም በተከታዩ ዓመት ደንቧን አሻሽላ እንደገና አወጣች። መንገደኛውም አልተረሳም። ድርጊቱ የተከለከለ መሆኑን የሚያውቅ ወይም ማወቅ የሚገባው ሰው ካልሆነ በቀር የከተማ ደንብ በወንጀል እንዳይቀጣው አዲሱ ሕግ ይጠብቀዋል።