ዝናቡ ሲሄድ ጓሮው ለምን ይዘጋል?

መስቀል ሲያልፍ በወሎዋ ሲሪንቃና በዙሪያዋ ብዙ ጓሮ ይዘጋል። ክረምቱን ሲበላ የከረመው ጎመን ያብባል፣ ዱባው ይለቀማል፣ የአጥሩ እሾህ እየተነሣ ለማገዶ ይውላል። ከዚያ ወዲያ የሁሉም ዓይን ማሽላውና ጤፉ ላይ ነው። ጓሮ የዝናብ ልጅ ነው የሚለው እምነት ሥር ሰዷል። እኔ ይህን እምነት አልቀበልም። ለአትክልት ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለውን ወቅት እንደ ዋዛ እያስጣለን ነውና።

ያ ወቅት መፀው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። ሲሪንቃ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት፤ የደላንታንና የመቄትን ደጋ የሚያስጨንቀው ውርጭ እሷን ያን ያህል አይደፍራትም። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ አየሩ ደረቅ ነው። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመንና ነጭ ሽንኩርት የሚወዱት እንዲህ ያለውን አየር ነው። ክረምቱን እንመልከት፦ ቲማቲሙንና ድንቹን ምች ይመታዋል፤ ቅጠሉ ጠቁሮ በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ምች የሚስፋፋው ቅጠል ረጥቦ ሲውልና ሲያድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ የድንቹን ማሳ ያወደመውና ሕዝቡን በረሃብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነበር። በሐምሌ ቲማቲም ለማዳን መድኃኒት እየደጋገሙ መርጨት ግድ ይሆናል፤ በጥቅምት ግን ፀሐዩ ራሱ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ሽንኩርትም ሲደርስ ደረቅ አየር ይሻል፤ ዝናብ እየወረደበት የበሰለ ሽንኩርት ጎተራ ሳይገባ ይበሰብሳል። እኛ ግን በሽታ በበዛበት ወቅት ተክለን፣ በሽታው ጋብ ሲል እጃችንን እናነሣለን።

«ውኃውስ?» የሚለኝ ሰው እውነት አለው። በዚህ አገር ውኃ የሚመጣው በሴት ጀርባ ነው፤ ስለ ጓሮ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም። ሆኖም ስፋቱን እናስላ። በመፀው ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን አራት ሊትር ያህል ውኃ ይጠጣል። አምስት ካሬ ሜትር ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ማለት ነው። በዚህች መሬት ላይ በ30 እና በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢተከል 40 ያህል የጎመን እግር ይይዛል፤ ከሥር ከሥሩ ቅጠሉን እየቀነጠቡ ለወራት የሚበሉት ነው። ጥሬውን የማይበላ አትክልት ከሆነ ደግሞ የእህልና የአትክልት እጣቢ የውኃውን ከፊል ይሸፍናል። ኦሞ የነካው ውኃ ግን ይቅር።

ውኃ የሚያባክነው የመደቡ አሠራር ነው። ክረምት ላይ ውኃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ እናደርጋለን፤ ትክክል ነው። ይህንኑ ከፍ ያለ መደብ በጥቅምት ውኃ ብናጠጣው ግን በየጎኑ ይፈስሳል፣ ነፋሱም ያደርቀዋል። በመፀው መደቡ ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ጠርዙ ከፍ ይላል፣ አፈሩ በፍግ ይደለባል፣ ላዩ በገለባ ይሸፈናል። ውኃ ማጠጣቱም በማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። «በበጋ ሞክሬው ደረቀብኝ» የሚል ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የመደቡን ቅርፅ ነው።

ከውኃ ይልቅ የሚከብደኝ የከብቱ ነገር ነው። አጨዳ ሲያልቅ ከብቱ፣ ፍየሉ፣ በጉ በየቃርሚያው ይለቀቃል። ለብቻዋ ያጠረች እናት በአንድ ሌሊት ጓሮዋን ታጣለች፤ ሄዳ የምትከስሰውም የለም፣ ልማድ ነውና። ልቅ ግጦሽ ይቁም ሲባል የሚጠቀሰው የተራራው እርከንና ችግኝ ነው። ጓሮውም አብሮ ይጠቀስ። የቀበሌ መተዳደሪያ ደንብ በተራራ ላይ ችግኝ ያስበላን ሰው የሚቀጣ ከሆነ፣ የጎረቤቱን ጎመን ያስበላውንም ይቅጣ።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ጥቂት ቅጠል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ የእኛ ገበታ ከዚህ እጅግ ይርቃል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ወተትና ሥጋ በተከለከለበት በዚያ ወቅት ጓሮው ባዶ ነው፣ ጎመንም ከገበያ የሚገዛ ይሆናል።

የ2014ን መፀው ደግሞ እናስታውስ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያም፣ ሲሪንቃም፣ መርሳም በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። መንገድ ተዘጋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ የሲሪንቃው የግብርና ምርምር ማዕከል ሳይቀር ተዘረፈ። ገንዘብ ያለውም የሌለውም የሚገዛው አጣ። አምስት ካሬ ሜትር ጎመን ጦርነት አይመልስም። ነገር ግን መኪና ሳይመጣ፣ ወፍጮ ሳይዞር ድስት ውስጥ የሚገባ ሌላ ምን ነበረ? በ1965 እና በ1966 ረሃብ የወሎ ሰው ምን እንዳየ ከአያቶቻችን የሰማን ሰዎች ይህን ጥያቄ ልንንቀው አይገባም።

የመንግሥት ዕቅዱም ቢሆን ጓሮን ሲያስብ ከብት ያስቀድማል። የሌማት ትሩፋት በ2015 ሲጀመር ስሙ የገነነው በወተት፣ በዶሮ፣ በእንቁላልና በማር ነው። መልካም ሥራ ነው። ላም መግዛት የማይችለው ቤት ግን ብዙ ነው፤ ለእሱ የሚደርሰው አንድ ማንኪያ የቆስጣ ዘር ነው። የሲሪንቃ ማዕከል ስሙን የተከለው ድርቅ በሚችለው ማሽላ ነው፤ ሲሪንቃ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ስለዚህ ባለውለታው ነው። በማሽላው ላይ የዋለው ያ ዕውቀት በጓሮውም ላይ ይዋል፦ የትኛው የቲማቲም ዘር፣ የትኛው ሽንኩርት፣ በየትኛው ሳምንት ቢዛወር በአንድ ጀሪካን ውኃ ይደርሳል?

የልማት ሠራተኞችም የጓሮ ሪፖርታቸውን በነሐሴ አይዝጉት። ችግኙ በጳጉሜን ይፍላ፣ ዝናቡ እንዳበቃ፣ አፈሩ ገና ረጥቦ ሳለ ይዛወር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ተመልሰው ይቁጠሩ፤ ምን ያህል ጓሮ አረንጓዴ ነው፣ ምን ያህሉንስ ከብት በላው? አባወራውም አጨዳ ጨርሶ ጥላ ሥር በሚያርፍበት ወር ጀሪካኑን እሱ ይያዝ።