እስከ ግንቦት

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ በወዳጆች መካከል የሚቋቋሙትን የፋንታሲ እግር ኳስ ሊጎች ጥር ሲጋመስ ተመልሶ ያያቸው ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከሠንጠረዡ ግርጌ የሰፈሩት ቡድኖች ነዋሪው የለቀቀው ቤት ይመስላሉ። ከተጎዳ ሁለት ወር ያለፈው ተጫዋች አሁንም በቋሚ አሰላለፍ ውስጥ ተሰልፏል፤ ወደ ሌላ አገር የተሸጠው አጥቂ ዛሬም አምበል ነው። አሠልጣኙ የለም። ሊጉ ሳያልቅ የራሱን ውድድር ዘግቶ ሄዷል።

ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። «ጨዋታ አይደለም እንዴ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎን፣ ጨዋታ ነው። የሰው ጠባይ ግን ከሥራው ይልቅ በጨዋታው ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በጨዋታ ላይ አለቃ የለም፣ ደመወዝም የለም፣ አስገዳጅም የለም።

ለማያውቀው አንባቢ ሕጉን ባጭሩ ልንገር። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጠዋል። በዚህ ገንዘብ 15 ተጫዋቾችን ይገዛል፤ ከአንድ ክለብ ግን ከ3 በላይ መውሰድ አይችልም። ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ የሚሠሩት ሁሉ ወደ ነጥብ ይለወጣል፤ የአምበሉ ነጥብ በእጥፍ ይታሰባል። በየሳምንቱ አንድ ዝውውር በነፃ ይፈቀዳል፤ ከተፈቀደለት በላይ የሚያዘዋውር ለእያንዳንዱ ትርፍ ዝውውር 4 ነጥብ ይቀነስበታል። ሁሉም ነገር የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል።

እንግዲህ ፈተናው ምርጥ ተጫዋቾችን ማወቅ አይደለም፤ እነርሱንማ ሕፃንም ያውቃቸዋል። ፈተናው የአቅም ነው። በ2024/25 የውድድር ዘመን መጀመሪያ ኤርሊንግ ሃላንድ 15 ሚሊዮን፣ ሞሐመድ ሳላህ ደግሞ 12.5 ሚሊዮን ነበሩ። ሁለቱን የገዛ ሰው ለቀሩት 13 ተጫዋቾች የሚተርፈው 72.5 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ከፊት ለፊት ያማረው ቤት ከጓዳው ባዶ ይሆናል።

ያ ዓመት የውጣ ውረድን ትርጉም በሚገባ ያስተማረን ዓመት ነበር። ሃላንድ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት በተከታታይ ሦስት ሦስት ግብ ሲያስቆጥር፣ እርሱን የያዝን ሁሉ ራሳችንን እንደ ሊቅ ቆጠርን። በመስቀል ማግስት ኮል ፓልመር በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ብራይተን ላይ 4 ግብ አገባ፤ ያልያዘው ሰው ስልኩን ማየት አስጠላው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማንቸስተር ሲቲ ሲንገዳገድ የነሐሴው ሊቅነታችን ከሃላንድ ጋር አብሮ ተንገዳገደ። ታኅሣሥ ላይ ቡካዮ ሳካ ታፋው ላይ ተጎድቶ እስከ መጋቢት ከሜዳ ራቀ። ያ ብርቱ ፓልመርም ከጥር መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ በሊጉ አንድም ግብ አላስቆጠረም። በአንጻሩ በ6 ሚሊዮን የተሸጠው የኖቲንግሃም ፎረስቱ ክሪስ ዉድ 20 ግብ አገባ። ሳላህም በጨዋታው ታሪክ ከፍተኛ የሆነውን 344 ነጥብ ሰብስቦ ዓመቱን ፈጸመ።

ይህን ሁሉ ነሐሴ ላይ ማን ያውቅ ነበር? ማግነስ ካርልሰን በቼዝ የዓለም ሻምፒዮን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በሚሊዮን ከሚቆጠሩ የፋንታሲ ተወዳዳሪዎች አንደኛ ሆኖ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን አንደኛነቱ ከእጁ ወጥቶ ነበር። በቼዝ ሰሌዳ ላይ ሁሉም ይታያል። የተጫዋች ታፋ ውስጥ ያለው ጅማት ግን ለማንም አይታይም። ስለዚህ መልካም ውሳኔና መልካም ውጤት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ ይህን ያልተቀበለ ሰው በአንድ ክፉ ሳምንት ሦስት አራት ተጫዋች ይለውጣል፣ ነጥቡም ይቀነሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምሬት ነው፤ ከምሬቱም በኋላ ቡድኑን ጥሎ መሄድ።

ጥሎ መሄዱ የሚጎዳው ግን ሄያጁን ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ሊጎቻችን በአንድ ወቅት አብረው የተማሩ፣ ዛሬ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሽንግተን፣ ሦስተኛው ዱባይ የሚኖሩ ሰዎች የተሰባሰቡባቸው ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች «እንደምን ከረምክ?» ብሎ ለመደወል ሰበብ ያጣሉ። ፋንታሲ ሰበቡን ይሰጣቸዋል። «አምበልህ ምን ነካው?» ተብሎ የተጀመረው ወሬ ወደ እናት ጤና፣ ወደ ልጅ ትምህርት፣ ወደ መኖሪያ ፈቃድ ይሻገራል። ቡድኑን የተወ ሰው ከሠንጠረዡ አይጠፋም፤ ከወሬው ግን ይጠፋል። በየጊዜው አንድ ሰው እየቀነሰ የሚሄድ ጨዋታ መጨረሻው ዝምታ ነው።

ደግሞም የአሸናፊው ክብር አለ። ከ15 ተወዳዳሪዎች ዘጠኙ በጥር ከቀሩ፣ ግንቦት ላይ አንደኛ የወጣው ማንን አሸነፈ ይባላል?

ጊዜ የለኝም የሚለውን አከብራለሁ። ሥራና ቤተሰብ ከማንም አምበል ይቀድማሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታቲስቲክስ ሲያገላብጥ የሚያድረውንም አላደንቅም። ነገር ግን የተጎዳውን አስወጥቶ አምበል ለመሰየም በሳምንት አምስት ደቂቃ ይበቃል። እርሱም ካልተቻለ «በዚህ ዓመት አልቻልኩም» ብሎ መሰናበት ጨዋነት ነው።

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሊጋችሁ ምሳም ሆነ ቡና የሚያስጋብዝ ሽልማት ካለ፣ ለዓመቱ አሸናፊ ብቻ አትስጡ፤ ከጥር እስከ ግንቦት ብዙ ነጥብ ለሰበሰበውም አካፍሉት። በጥር አሥራ አራተኛ የነበረው ሰው ያን ጊዜ የሚታገልለት ነገር ያገኛል። ሽልማቱ ባይኖርም እንኳ፣ ተስፋው ከተሟጠጠ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ቡድኑን በሥርዓት የሚያሰልፈውን ሰው እኔ ከአንደኛው አሳንሼ አላየውም። አንደኛ የሚወጣው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እስከ ግንቦት መቆየት ግን ለሁላችንም ይቻላል።