ልብ ያለው ልብ ይበል!

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፡፡ «የልብ በሽታ» ሲባል ማን ነው የሚታያችሁ? ቦርጩን ያስቀደመ፣ ቁርጥ የሚወድ፣ ከመኪናው የማይወርድ የሃምሳ ምናምን ዓመት ባለሀብት አይደል? እኔን የምትታየኝ ሌላ ሰው ናት፡፡ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ የሚቆራረጥ፡፡ እናንተም አይታችኋታል፡፡ ፎቶዋ አሮጌ ሚኒባስ ላይ ተለጥፎ፣ ማኅተም ያረፈበት የሆስፒታል ወረቀት ከጎኑ ተሰቅሎ፣ ድምፅ ማጉያው «ወገን ለወገን ደራሽ ነው!» እያለ ሰፈራችሁን ዞሯል፡፡ አሥር ብር ሰጥታችሁ አልፋችኋል፡፡ እግዚአብሔር ይስጥልን፡፡

የዛሬው ጉዳዬ አሥር ብሯ አይደለችም፡፡ ጉዳዬ እንደሷ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ሚኒባስ ላይ ከመለጠፋቸው በፊት መትረፍ ይችሉ የነበረ መሆኑ ነው፡፡ በምን? በመርፌ! በወር አንድ ጊዜ በምትወጋ፣ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ በምትታወቅ የፔኒሲሊን መርፌ፡፡

መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ እንነጋገር፡፡ ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው፡፡ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ያቆስላል፡፡ ቤት ውስጥ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባላል፡፡ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ዝንጅብል በማር ይሰጣል፣ ሲብስም እንጥል ቆራጭ ይፈለጋል፡፡ ትኩሳቱ በሳምንት ይለቃል፣ ሁሉም ይረሳዋል፡፡ ሰውነት ግን አይረሳም፡፡ ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የመከላከያ ኃይል ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያውንና ልቡን ይወጋል፡፡ ሩማቲክ ፊቨር የሚሉት ይኼ ነው፡፡ መገጣጠሚያው ይድናል፡፡ የልብ በሮች (ሐኪሞቹ ቫልቭ የሚሏቸው) ግን በሽታው በተመላለሰ ቁጥር ይጠባሉ ወይም ያፈሳሉ፡፡ በሩ የማይዘጋ ቤት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ በሽታ የተያዙትን ወደ 55 ሚሊዮን፣ በየዓመቱ የሚሞቱትን ወደ 360 ሺህ ይገምታል፡፡ አብዛኞቹ የድሃ አገር ልጆችና ወጣቶች ናቸው፡፡ እኛ አገር በተማሪዎች ላይ በልብ አልትራሳውንድ ተደርጎ በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የታተመ ጥናት ከሺህ ተማሪ 19 ገደማ ላይ ምልክቱን አግኝቷል፡፡ ሁለት ሺህ ተማሪ ያለበትን የሰፈራችሁን ትምህርት ቤት አስቡና አባዙት፡፡ አብዛኞቹ መታመማቸውን እንኳ አያውቁም፡፡

ታመው ሆስፒታል የደረሱትስ? ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ የመሩት፣ ኢትዮጵያም የተካፈለችበት «ሬሜዲ» የተባለ ጥናት በ14 አገሮች 3,343 ሕሙማንን ተከታትሏል፡፡ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 17 በመቶ የሚሆኑት ሞቱ፡፡ የሟቾቹ መካከለኛ ዕድሜ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 28 ዓመት ከምናምን ወር! በኔ ዕድሜ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ይህቺን ቁጥር ደግማችሁ አንብቧት፡፡ መርፌውን እየተወጉ የተገኙት ደግሞ ከግማሽ ትንሽ ነው የሚበልጡት፡፡

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ፡፡

በ2023 «ሰሌክት» የተባለ ጥናት ወጣ፡፡ ሴማግሉታይድ የተባለው ውፍረት ቀናሽ መድኃኒት 17,604 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሀርት አታክን፣ ስትሮክንና በልብ ምክንያት የሚመጣን ሞት በድምሩ በ20 በመቶ ቀነሰ ተባለ፡፡ ትልቅ ጥናት ነው፣ አላናንቀውም፡፡ ወሬው ዓለምን አዳረሰ፡፡ የኛም ኤፍኤሞች «ተአምረኛው መርፌ» እያሉ ተቀባበሉት፡፡

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2021 መጨረሻ፣ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ጉሉ ከምትባል በጦርነት ከተጎዳች ከተማ ሌላ ጥናት ወጥቶ ነበር፡፡ «ጎል» ይባላል፡፡ ከመቶ ሺህ በላይ ልጆች በልብ አልትራሳውንድ ታዩ፡፡ በሽታው ጀማምሯቸው ገና ምንም ያልተሰማቸው 818 ልጆች ተመርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፡፡ ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተወጉ፣ ግማሾቹ አልተወጉም፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ ካልተወጉት 33ቱ ልባቸው ብሶ ተገኘ፡፡ ከተወጉትስ? ሦስት፡፡ ሦስት ልጆች ብቻ!

33 እና 3፡፡ ከመቶ ስምንት የነበረው ከአንድ በታች ወረደ፡፡ ሁለቱ ጥናቶች የለኩት ነገር አንድ ስላልሆነ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አቁሜ «ይሄ ይበልጣል» አልልም፡፡ ግን የትኛው ነው የኛ ዜና? የትኛውን ነው ሬዲዮ ላይ የሰማችሁት? የኡጋንዳውን የሰማ እጁን ያውጣ!

ጋዜጠኝነት የተማርን ሁሉ የመጀመሪያ ዓመት ላይ «ውሻ ሰው ቢነክስ ዜና አይደለም፣ ሰው ውሻን ቢነክስ ነው» የምትለዋን ትምህርት ወስደናል፡፡ የሙያ ባልደረቦቼ ይህቺን ተምረው ሌላውን ረስተውታል መሰል፡፡ ደረት ሲከፈት ካሜራ ይመጣል፡፡ ከውጭ የሐኪሞች ቡድን ሲመጣ ካሜራ ይመጣል፡፡ ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥማ ካሜራው ቀድሞ ነው የሚደርሰው፡፡ አንዲት ነርስ ለአንዲት ልጅ የሃያ ሦስተኛ ወሯን መርፌ በሰዓቱ ስትወጋት ግን ማንም የለም፡፡ ዜና የለማ! ልጅቷ ደህና ነቻ!

ቀዶ ጥገናውን አልነቀፍኩም፣ እንዳትሳሳቱ፡፡ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለዓመታት ደክመው ያቋቋሙት፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ በ2009 ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል የብዙ ልጆችን ሕይወት አትርፏል፡፡ በ1995 እስራኤል ሆሎን ከተማ የተመሠረተው «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሀርት» የተባለ ድርጅት ከጅምሩ የኢትዮጵያ ልጆችን አክሟል፡፡ ለሁሉም ምስጋና ይገባቸዋል፡፡ ነገር ግን ወረፋውን የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ነው የሚቆጠሩት፡፡ አንዱ ሲታከም ስንቱ ከኋላ ይሰለፋል? ከላይ ውኃ እየተንዶለዶለ በጣሳ እየቀዳን ነው፡፡ ቧንቧውን የሚዘጋው መርፌው ነው፡፡ የብረት ቫልቭ የተተካላት ልጅም ብትሆን ከሕክምና አልተገላገለችም፡፡ ዕድሜዋን ሙሉ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፡፡ መርፌውም ቢሆን አይቀርላትም፡፡

ስለ ደም ማቅጠኛ ካነሳን ደግሞ አንድ የሚያስቅም የሚያናድድም ታሪክ አለ፡፡

የልብ በሯ የጠበበባት ሴት ከጊዜ በኋላ የልብ ምቷ ይዛባል፡፡ ደሟ ልቧ ውስጥ ይረጋና አንጎሏ ሄዶ ስትሮክ ያስከትላል፡፡ ይህንን ለመከላከል ዋርፋሪን የሚባል የቆየ እንክብል ይሰጣል፡፡ ዋርፋሪን መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆኖ ነበር ገበያ የገባው፡፡ ለሰው የተፈቀደው በ1954 ነው፡፡ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል፣ አስቸጋሪ ነው፡፡ ስለዚህ ሪቫሮክሳባን የተባለ ዘመናዊ እንክብል መጣ፣ ምርመራ የማይፈልግ፣ ውድ፡፡ ፈቃድ ያስገኘለት በ2011 የታተመው ትልቅ ጥናት ግን በሩ ክፉኛ የጠበበበትን ሰው አላስገባም ነበር፡፡ የኛን ሕሙማን ማለት ነው፡፡ ማንም ሳይጠይቃቸው ዓመታት አለፉ፡፡ «አዲሱ ለነሱም ይሻላል» የሚል ግምት ብቻ ነበር፡፡

በመጨረሻ ተጠየቀ፡፡ በ2022 የታተመው «ኢንቪክተስ» የተባለ ጥናት በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች ከ4,500 በላይ ሕሙማንን መዘገበ፡፡ ከመቶ 72ቱ ሴቶች ናቸው፡፡ ውጤቱ? አዲሱን ከወሰዱት 552 ሞቱ፣ አሮጌውን ዓይነት ከወሰዱት 442፡፡ አሮጌው አሸነፈ! ያውም የደም መፍሰስ አደጋ ሳያበዛ፡፡ ለምን እንዲህ እንደሆነ ሐኪሞቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፡፡ አንዳንዶቹ ያነሱት ነጥብ ግን ለኔ ልብ የሚነካ ነው፤ ዋርፋሪን የሚወስደው ሰው ለደም ምርመራ ሲል በየወሩ ከሐኪም ጋር ስለሚተያይ ይሆን? ማረጋገጫ የለውም፣ ጥያቄ ነው፡፡

ከሁለቱ ጥናቶች እኔ የወሰድኩት ትምህርት ይኼ ነው፡፡ የኛ ልጆች የሚሞቱት ሳይንስ ስላላገኘን አይደለም፡፡ መድኃኒቱ አሮጌ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ይሠራል፡፡ የጎደለው በየወሩ በሩ የሚከፈት፣ ስሟን የሚያውቅ ጤና ጣቢያ ነው፡፡

አሁን መልስ መምጣቱ አይቀርም፡፡ ቀድሜ ልመልስ፡፡

«ፔኒሲሊን ይገድላል!» ይህቺን ከጎረቤትም ከባለሙያም ሰምቼያታለሁ፡፡ አንድ ጤና ጣቢያ ገብቼ ስለዚህ መርፌ ስጠይቅ «እሱን እዚህ አንደፍርም፣ ሆስፒታል ይሂዱ» ነው የተባልኩት፡፡ ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም፡፡ ከባድ አለርጂ አለ፣ ግን ብርቅ ነው፡፡ በኡጋንዳው ጥናት ከተሰጡት መርፌዎች ሁሉ ያስነሣው አለርጂ አንድ ነበር፣ እሱም ቀላል፡፡ በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ምክር ደግሞ ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ሞቶች አንዳንዶቹ አለርጂ ሳይሆኑ ክፉኛ የተጎዳ ልብ ድንጋጤውንና ሕመሙን አለመቋቋሙ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል፡፡ ስለዚህ ልባቸው በጣም ለተዳከመ ሰዎች የሚዋጠው ፔኒሲሊን ይታሰብ አለ፡፡ ለቀሩት ግን መርፌው ይቀጥላል፡፡ የፍርሃት መልሱ ሥልጠናና በመሳቢያ ውስጥ የተዘጋጀ አድሬናሊን ነው፡፡ ልጅቷን ማባረር አይደለም!

«ገንዘብ የለም»፡፡ ለመርፌ ገንዘብ የለም፣ ደረት ለመክፈት ግን አለ? መርፌው የሚጠፋው ውድ ስለሆነ ሳይሆን ትርፉ ትንሽ ስለሆነ የሚያመርተው ጥቂት በመሆኑ ነው፡፡ በ2023 አሜሪካም ጠፍቶባት ነበር፡፡ ምን አደረገች? ከፈረንሳይና ከፖርቱጋል አስመጣች፡፡ የፈለገ መንገድ ያገኛል፡፡

«ሕዝቡ በየወሩ አይመላለስም»፡፡ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይሄ ሕዝብ እኮ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በቀጠሮው እየመጣ ሲወስድ ኖሯል! ስሙን መዝግቦ፣ ሲቀር ደውሎ፣ ቤቱ ድረስ ሰው ልኮ የሚከታተል አሠራር አገራችን ታውቅበታለች፡፡ ለልብ ሲሆን ነው የጠፋባት፡፡ የጉሉ ልጆችም ከሀብታም ቤት አልመጡም፤ ከ818ቱ 799ኙ ሁለቱን ዓመት ጨርሰዋል፡፡

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፡፡ አንደኛ፣ ሩማቲክ የልብ በሽታ የተገኘበት ልጅ ሁሉ መርፌውን በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ያግኝ፡፡ ሁለተኛ፣ መዝገብ ይኑር፤ ወሩ ያለፈባት ልጅ ትፈለግ፡፡ ሦስተኛ፣ ትኩሳት ያለበት የጉሮሮ ቁስለት እንጥል ቆራጭ ጋ ሳይሆን ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ይነገር፤ በ9 ቀን ውስጥ የተጀመረ ፔኒሲሊን ሩማቲክ ፊቨርን ገና ሳይነሣ ሊያስቀረው ይችላል፡፡ ይህንን ዋዮሚንግ ውስጥ ዋረን በተባለ የአሜሪካ ጦር ሰፈር የሠሩ ሐኪሞች በ1950 አሳትመውታል፡፡ ሰባ ዓመት አልፎታል እኮ! ሁሉም ትምህርት ቤት ነገ ጠዋት አልትራሳውንድ ይግባለት አላልኩም፡፡ የታወቁትን እንኳ እንውጋ ነው ያልኩት፡፡

መንግሥታት ይህንን አያውቁም እንዳትሉ፡፡ በግንቦት 2018 የዓለም ጤና ጉባዔ ስለዚህ በሽታ ውሳኔ አሳልፏል፡፡ በ2024 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አውጥቷል፡፡ ወረቀቱ አለ፡፡ ወረቀት ግን አይወጋም፡፡

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለጌጥ አይደለም፡፡ ቅጠሉ በእጃችን ነው፡፡ እኛ ግን እሳቱ ጣሪያ እስኪደርስ ጠብቀን፣ ካሜራ ጠርተን፣ ድምፅ ማጉያ ተከራይተን «ወገን ድረስ!» ማለት ወደናል፡፡ የጤና ዘጋቢ የሆናችሁ ጓደኞቼ፣ የሚቀጥለው የሚኒስቴር መግለጫ ላይ እጃችሁን አውጡና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፤ በዚህ ወር ስንት ልጅ መርፌውን ማግኘት ነበረበት፣ ስንቱስ አገኘ?

ቁጥሩን የሚያውቅ ካለ ያ ራሱ ዜና ነው፡፡ ከሌለ ደግሞ የባሰ ዜና ነው፡፡

ቸር ያሰማን!