ሥራ አጥ ተብዬ የተመዘገብኩ ቬንትሌተር ሠሪ ነኝ

ወገን፣ ዛሬ ስለ ሩቅ ነገር አላወራህም። ከቤትህ ጀርባ ስላለችው ክፍል ነው የማወራህ።

አዎ፣ ሰርቪሷ! ያቺ የተሰበረ አልጋ፣ የአያትህ ሳጥን፣ ባዶ ጀሪካንና "አንድ ቀን ይጠቅማል" የተባለ ቆርቆሮ የታጨቀባት። ከዚራ ሂድ፣ ሳቢያን ሂድ፣ ግሪክ ካምፕ ግባ፣ ገንደቆሬ ተሻገር፤ በየግቢው ጓሮ አንዲት ሰርቪስ አታጣም። እኛ ስለ መሬት ስናወራ ድምፃችን ከሩቅ ይሰማል፣ ስለ ታሪክ ሲነሳ ደማችን ይፈላል። ጥሩ ነው። ግን እጃችን ላይ ያለችውን ሦስት በአራት መሬት ዞር ብለን አይተናት አናውቅም። እኔም አላየኋትም ነበር፣ አልዋሽህም።

በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሜያለሁ። "ዜሮ ዓመት" የምትል ማስታወቂያ ስትወጣ ለአንድ ቦታ ስንቶቻችን እንደምንሰለፍ አንተም ታውቀዋለህ፣ ምናልባት ከኋላዬ የቆምከው አንተ ነበርክ። ሥራ አጥ ተብዬ ተመዝግቤያለሁ፤ ስሜ እስካሁን እዛው መዝገብ ላይ አለ።

ከዛ አንድ ግንቦት የእናቴ ቬንትሌተር ቆመ። ግንቦት ላይ ቬንትሌተር ሲቆም ምን እንደሚመስል ለድሬ ልጅ አይነገርም። ለደጋው ወንድሜ ግን ልንገርህ፦ ሰው ፍራሹን ይዞ ግቢ ወጥቶ ነው የሚያድረው። እናቴ "ተምረህ የለ? ሥራው እንጂ!" አለችኝ። ስቄ ነው የጀመርኩት። ፈታሁት።

እዚህ ጋር ቆም ልበል፣ ይጠቅምሃልና። ስታበራው እምምም እያለ ክንፉ የማይዞር፣ በእንጨት ገፋ ስታደርገው ግን የሚነሳ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ካፓሲተሩ ነው። ሞተሩ ባለ አንድ ፌዝ ስለሆነ ብቻውን መነሳት አይችልም፤ ካፓሲተሯ ናት ሁለተኛው ጥቅል ላይ ያለውን ከረንት ጊዜውን አዛንፋ ማዞሪያ ጉልበት የምትፈጥርለት። የጣሪያ ቬንትሌተር ላይ ብዙ ጊዜ 2.5 ማይክሮፋራድ ተጽፎባት ታገኛታለህ፣ የጠረጴዛው ላይ ያነሰች ናት። አጥፍተህ በእጅህ ስታዞረው ከከበደህ ደግሞ ቡሺንጉ ደርቋል፤ የእኛን ከተማ አቧራ ታውቀዋለህ፣ ጠርገህ ዘይት ስጠው። የተቃጠለ ከሸተተህ ዲናሞው ሄዷል፣ መጠቅለል አለበት። (ከመክፈትህ በፊት ከሶኬት ንቀለው፤ ካፓሲተር ተነቅሎም ቻርጅ ይይዛል፣ እንዳትነካው። ይቺን በጥፊ ነው የተማርኳት።)

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰሌዳ ሙሉ ቀመር የተጻፈለት ነገር እናቴ ቬንትሌተር ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ያልተማርኩት ዲናሞ መጠቅለል ነበር። እሱን ያስተማረኝ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሰው ነው፣ ጎረቤታችን። አባቴን የሚያክል ሰው ነው፣ ግን "አንተ" ነው የምለው፤ ድሬ ነው፣ እንዲህ ነው የምንከባበረው። ይህቺ ከተማ ባቡሩ በ1895 ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፣ የባቡሩ ዋና ወርክሾፕም እዚሁ ነበር። ያ ሽማግሌ እዛ የለመደውን እጅ ጓሮ ውስጥ ይዞት ነው የተቀመጠው። ማንም መጥቶ አስተምረኝ ብሎት አያውቅም ነበር። መዳብ ሽቦውን በጣቱ ሲቆጥር ብታየው! ዙሩን አይስትም፣ ወሬ እያወራ።

በቃ፣ ሰርቪሷን ባዶ አደረግናት። ጠረጴዛ፣ አንድ መልቲሜትር፣ አንድ ብየዳ ካውያ። ሰው በሰው ሰማና መጣ። በባጃጅ ጭነው ያመጣሉ፣ ማታ መጥተው ይወስዳሉ፣ በቴሌብር ይልካሉ። ሀብታም አልሆንኩም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱን መብራት እኔ ከፈልኩ። ሥራ ፈልጎ የደከመው ወንድሜ፣ ይህን ስሜት አንተ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ።

አንድ የእንግዳ ማረፊያ 36 ቬንትሌተር አሳየኝ። "ሁሉንም ሥራልን፣ ደረሰኝ ግን ያስፈልጋል" አሉኝ። ትክክል ናቸው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ቲን ቁጥር ለማያቀርብ ሰው ሲከፈል 30 በመቶ ተቆርጦ ለመንግሥት እንዲገባ ያዛል፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ ሂሳባቸው ላይ ጣጣ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ላውጣ ብዬ ሄድኩ። በገዛ እግሬ! ግብር ልክፈል ብዬ!

"አድራሻ?" አለኝ መስኮት ላይ ያለው ሰው።

"ቤታችን።"

"ንግድ ቤት ነው?"

"ሰርቪስ ነው። ጓሮ።"

ሳቀ። የሱቅ ኪራይ ውል ይዘህ ና አለኝ። ሱቅ ጠየቅኩ፤ ባለቤቱ የስድስት ወር በቅድሚያ አለኝ። 36ቱ ቬንትሌተር ወደ ሌላ ሰው ሄዱ። ሰውየውን አልወቅሰውም፣ ፊቱ ያለውን ቅጽ ነው የሚሞላው። ቅጹ ላይ "ጓሮ" የሚል ሳጥን የለም።

ለምን የለም? እዚህ ጋር ታሪክ ትንሽ ታስፈልገናለች። በሐምሌ 1967 ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አዋጅ 47/67 የምንለው። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ቀበሌ እጅ ገቡ፣ ከዛ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች። የብዙ ግቢ ዋና ቤት ለአንዱ፣ ሰርቪሱ ለሌላው የደረሰው በዛ ጊዜ ነው። የእኛም ቤት የቀበሌ ነው፤ እናቴ ተከራይ ናት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ይሁን አልፎት፣ ቤቱ "መኖሪያ" ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ መኖሪያ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721ም ቦታ ከተፈቀደለት አገልግሎት ውጪ አይውልም ይላል። ግን ልብ በል፦ እሱው አዋጅ የአገልግሎት ለውጥ በፈቃድ ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል። እኔ የሊዝ ባለይዞታ ስላልሆንኩ ቀጥታ አይመለከትህም የሚለኝ ይኖራል፣ እሺ። መንፈሱን ነው የማነሳው። በሩ ተዘግቷል ብቻ አይደለም የሚለው፣ ማንኳኳት ይቻላል ይላል። እኛ ጋ የሚነበብልን የመጀመሪያዋ ግማሽ ብቻ ናት።

ሌላው መፍትሔ "ተደራጅ" ነው። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲቋቋም ትልቅ ተስፋ ነበር፤ ሼድም ለተደራጁ ነው የሚሰጠው። ተደራጅቻለሁ እኮ! አምስት ሆነን። ሁለቱ አዲስ አበባ ሄዱ፣ አንዱ ሥራው ቬንትሌተር መሆኑን ሲሰማ "ምህንድስና ተምሬ?" ብሎ ወጣ፣ ከቀረው ጋር ደግሞ ተጣላን። ጥፋቱ የእኛው ነው። ግን ሁሉም ሥራ ለአምስት ሰው አይበቃም። አንዳንዱ ሥራ ለአንድ ሰውና ለአንዲት ጠረጴዛ የተሠራ ነው።

አነቃቂ ተናጋሪዎች መድረክ ላይ ስለ አሜሪካ ጋራዥ ሲያወሩ ሰምተሃል። እውነት ነው፣ ኤችፒ የሚባለው ኩባንያ በፈረንጆቹ 1939 የተጀመረው ፓሎ አልቶ ውስጥ አንድ የኪራይ ቤት ጓሮ ያለ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ በ538 ዶላር። የማይነግሩህን እኔ ልንገርህ። ቢል ሂውሌት የሚተኛው እዛው ጓሮ ያለች ደሳሳ ክፍል ውስጥ ነበር። ሰርቪስ በለው! ዴቭ ፓካርድ ደግሞ ሚስቱ ሉሲል ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥራ ደሞዝ ታመጣ ነበር። ማለት ጋራዡ ብቻ አይደለም፣ ቤቱን የምታበላ ሴት ነበረች። የእኔን እንጀራ እስክጀምር ድረስ ያበላችኝም እናቴ ናት፤ በር ላይ ባጂያ ጠብሳ፣ በረመዳን ሳምቡሳ አዘጋጅታ።

አሜሪካ ሩቅ ነው ካልክ አዲስ አበባ እንሂድ። ቤተልሔም ጥላሁን ሶል ሬብልስን በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረችው ዘነበወርቅ፣ የአያቷ ቦታ ላይ ባለች ትንሽ ወርክሾፕ ነው። ምርቷ ምን ነበር? አባቶቻችን የሚያደርጉት በረባሶ፣ የአሮጌ ጎማ ጫማ! ያንን ይዛ ውጭ አገር ሱቅ ከፈተች። የአያት ቦታ። ሼድ አልነበረም፣ የንግድ ማዕከልም አልነበረም።

እና ድሬ ራሷስ? እናቶቻችን ይህችን ከተማ ከግቢ ሆነው አይደል የያዟት? ሙሸበክ የሚጠበሰው የት ነው? ልብስ የሚሰፋው፣ ሂና የሚቀባው፣ ፈጢራ የሚዘረጋው? ለእነሱ "አድራሻ" ያላቸው የለም፣ ስለማይቆጠሩ። ዲግሪ ያለው ልጅ ሲመጣ ነው ወይ ወረቀት የሚጠየቀው፣ ወይ የሚሳቅበት።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልዙር፣ አትቆጣኝ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አራት ወር በሩን ዘግቼ ነበር የምሠራው። ሙቀቱን ፈርቼ ሳይሆን የክፍል ጓደኞቼን ፈርቼ። ከሰዓት እጄን በሳሙና ፈትጌ፣ ሸሚዝ ለብሼ ከዚራ ዛፍ ስር እንደማንም ሥራ ፈላጊ እቀመጥ ነበር። በርጫ ላይ ስለ አገር ስናወራ እኔም አወራ ነበር። ጥፍሬ ውስጥ ያለው ጥቁር ቅባት ግን አይለቅም። አንዱ አይቶ "ጋራዥ ገባህ እንዴ?" ሲለኝ አይደለም ብዬ ዋሸሁ። ያንን ውሸት ዛሬም አፍርበታለሁ፣ ከሥራው ይልቅ።

ጎረቤት ምን ይላል የምትለኝ ከሆነ፣ ጎረቤት እውነት አለው። አንድ ማታ የጠቀለልኩትን ዲናሞ ቫርኒሽ ሳደርቅ ጭሱ የጎረቤታችንን ሕፃን አስሳለው። እናቱ መጥታ ጮኸችብኝ፣ መጮህ ነበረባት። ከዛ በኋላ ቫርኒሽ በቀን፣ ሕፃኑ በማይኖርበት ሰዓት ብቻ ነው የምቀባው። ስለዚህ ሁሉም ሥራ ጓሮ ይግባ አልልም። ብረት ብየዳ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ? አይሆንም። ቀለም በስፕሬይ መርጨት? አይሆንም። ከባድ ማሽን በቤት ቆጣሪ ላይ ጭኖ የሰፈሩን ፊውዝ ማቃጠል? ይሄማ ወንጀል ነው። ግን ስፌት፣ ጥገና፣ ጫማ፣ ምግብ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሥራ? ምን ጎዳ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ገንዘብ አልጠየቅኩም፣ ሼድም ይቅርብኝ። ቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን ትጨመር፦ "በመኖሪያ ግቢ የሚሠራ"። የሚፈቀደው የሥራ ዓይነት ተዘርዝሮ ይለጠፍ። የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራይ ይፈርም፣ ቀበሌ ቤት ከሆነ ቀበሌው ይወቀው፣ አጎራባቾች ይስማሙ፣ በዓመት አንዴ መጥተው ይዩት፤ ረባሽ ከሆነ ይዝጉት። በነሐሴ 2014 የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ድሬ ሲመረቅ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ለሰፊው መሬት ቦታ ያገኘች ከተማ ለ12 ካሬ ሰርቪስ አንድ መስመር አታጣም።

አንተም ዝም ብለህ አታንብበኝ። ዛሬ ማታ ሰርቪሷን ክፈታት፣ ሳጥኑን አውጣ፣ ጥረጋት። እህቴ፣ አንቺም፤ ስፌት መኪናዋን ከአልጋ ስር አውጪያት። ከዛ ፈቃድ ጠይቁ። ከሰፈሩ አንድ ልጅ ሲጠይቅ ይሳቃል፣ ሃምሳ ልጅ በተመሳሳይ ሳምንት አንድ ዓይነት ማመልከቻ ይዞ ሲሰለፍ ግን ማንም አይስቅም። ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው፤ እኔ የጻፍኩትን መገልበጥ ትችላላችሁ፣ ስሙንና አድራሻውን ብቻ ቀይሩት።

እኔ ሰኞ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ። የጎረቤቶቼን ፊርማ ሰብስቤያለሁ፣ ከስድስቱ አምስቱ ፈርመዋል፤ የሕፃኑ እናትም ፈርማለች። ስድስተኛዋ "መጀመሪያ የእኔን ቬንትሌተር ሥራልኝ" ብላኛለች። ቡሺንጉ ነው። ነገ ታገኘዋለች።