ሙሐረም ሲገባ፦ ምኞታችንን ወደ ዕቅድ እንለውጥ



ዓመት ተሸኝቶ ዓመት ሲተካ ሰው ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። በመስከረምም ይሁን በሙሐረም «ዘንድሮስ እንዲህ አደርጋለሁ» የማይል የለም። ለዓመት መለወጫ ተብሎ የተደነገገ የተለየ ዒባዳ ባይኖርም፣ ራስን መመርመር (ሙሐሰባ) ግን በማንኛውም ጊዜ የሚወደድ ተግባር ነው። አላህም (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሐሽር እያንዳንዷ ነፍስ ለነገ ያስቀደመችውን እንድትመለከት አዞናል።

ባለፈው ሙሐረም መግቢያ የቤት ዕቃ ሳስተካክል አንድ አሮጌ ደብተር አገኘሁ። የሦስት ዓመት ዕቅዴን የጻፍኩበት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 11 ነገሮች ተዘርዝረዋል። በሁለተኛው ዓመት ዘጠኙ እነዚያው ናቸው። በሦስተኛውም እንዲሁ። ከመካከላቸው አንዱ በሦስቱም ዓመት ቃሉ እንኳ ሳይለወጥ ተጽፏል፦ «ደሴ ሄዶ አክስቴን መዘየር»።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች፤ በልጅነቴ አሳድጋኛለች። በስልክ ስንገናኝ «ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች። እኔም «ኢንሻአላህ፣ በቅርቡ» እላለሁ። እሷም አምናኝ ትመርቀኛለች። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማልዶ የተነሳ ሰው በዕለቱ ይገባል። ደብተሩን ባገኘሁበት ዕለት ግን አክስቴ ወደ አኼራ ከሄደች አራት ወር ሆኗት ነበር። ደሴ የሄድኩት ለለቅሶ ነው፤ ለቀብሯ እንኳ አልደረስኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ «ጠፋ» ስለው የነበረው ጊዜና የመሳፈሪያ ገንዘብ መርዶው በመጣ ሌሊት ተገኘ። ጊዜም ገንዘብም ጠፍቶ እንዳልነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የጠፋው ቀን መቁረጥ ነበር።

ኢንሻአላህ ስንል

ብዙዎቻችን ይህን ታላቅ ቃል «አልመጣም» ለማለት ስናፍር የምንሸሸግበት አድርገነዋል። በሱረቱል ከህፍ የተማርነው ግን ሌላ ነው። እዚያ የተከለከለው «ይህን ነገ እሠራለሁ» የሚል ሰው የአላህን ፈቃድ ሳያነሳ እንዳይናገር ነው። ልብ በሉ! ይህ ሰው የሚሠራውን ለይቶ አውቋል፤ ቀኑንም ቆርጧል። ከዚያ በኋላ ነው ጉዳዩን በአላህ ፈቃድ ላይ የሚያሳርፈው። ሥራው ሳይታወቅ፣ ቀኑ ሳይቆረጥ የሚባል «ኢንሻአላህ» ግን የራሳችንን ስንፍና በአላህ ፈቃድ ላይ መጫን ይሆናል። ከዚህ በአላህ እንጠበቅ።

ሂጅራ ራሱ ዕቅድ ነበር

ዓመታችን የሚቆጠረው ከሂጅራ ነው። በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ሶሓቦችን አማክረው ዘመን መቁጠሪያ ሲያቆሙ፣ መነሻ ያደረጉት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ622 እ.ኤ.አ. ከመካ ወደ መዲና ያደረጉትን ስደት ነበር። ያ ጉዞ ደግሞ እንዴት እንደተዘጋጀ እንመልከት።

ሰይዲና አቡበከር (ረ.ዐ.) ሁለት ግመሎችን ለአራት ወር ያህል የግራር ቅጠል እየቀለቡ አዘጋጅተው ነበር። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) አንዷን የወሰዱት በዋጋዋ ነው። መንገድ መሪ የተቀጠረው ሙስሊም ያልነበረው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ነው፤ የተመረጠው መንገዱን ስለሚያውቅና ስለታመነ ነው። መዲና ከመካ በስተ ሰሜን ሆና ሳለ መጀመሪያ ያመሩት በስተ ደቡብ ወዳለው የሠውር ዋሻ ነበር፤ እዚያም ሦስት ሌሊት ቆዩ። የአቡበከር ልጅ ዐብዱላህ ቀን መካ ውሎ የሰማውን ወሬ ማታ ያደርሳል። ልጃቸው አስማእ ስንቁን የምታስርበት ብታጣ መቀነቷን ቀዳ አሰረችው። ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ በጎቹን ወደ ዋሻው እየነዳ ወተት ያቀርባል። ሰይዲና ዐሊይ (ረ.ዐ.) ደግሞ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልጋ ላይ ተኙ፤ ኋላም የሰዎችን አደራ ለባለቤቶቹ መለሱ።

እንግዲህ ጊዜው፣ ስንቁ፣ መንገዱ፣ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ታውቆ ነበር። አሳዳጆቹ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ ግን ያ ሁሉ ዝግጅት ሊያድናቸው አልቻለም፤ የጠበቃቸው አላህ ነው። ተወኩል ማለት ይህ ነው፤ የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ ልብን በአላህ ላይ ማሳረፍ። አንድ ቤተሰብ፣ አባትም ወንድ ልጅም ሴት ልጅም፣ በዚህ ዕቅድ ውስጥ ድርሻ እንደነበረውም አንዘንጋ።

ታዲያ እኛስ እንዴት እንጀምር?

1ኛ. ጥቂት እንምረጥ። የእኔ ደብተር 11 ነገር ይዞ አንዱንም አላደረሰኝም። ሦስት ይበቃል፦ አንዱ ከአላህ ጋር ያለን ጉዳይ፣ ሁለተኛው የሰው ሐቅ፣ ሦስተኛው የራሳችን ወይም የልጆቻችን መሻሻል። አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም ዘወትር የሚሠራው እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል።

2ኛ. በቁጥር እንከፋፍለው። «ዘንድሮ ቁርኣን አከትማለሁ» ምኞት ነው። የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው፤ ከሱብሒ በኋላ አንድ ገጽ፣ ከመግሪብ በኋላ አንድ ገጽ የሚቀራ ሰው በ302 ቀን ያከትማል። የሂጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ለታመመበትና ለመንገድ ቀኑ ከ50 ቀን በላይ ይተርፈዋል። ጁዝእ ዐምማን መሐፈዝ የሚፈልግ ልጅም 23 ገጽ ነው ያለበት፤ በሳምንት ግማሽ ገጽ ቢይዝ በ46 ሳምንት ይጨርሳል። 6,000 ብር ዕዳ ያለበት ሰው በወር 500 ብር ቢከፍል በዓመቱ ነፃ ይወጣል። ከረመዳን ሰባት ቀን ቀዷእ የቀረባት እህት ከሙሐረም እስከ ሻዕባን ስምንት ወር አላት፤ በወር አንድ ቀን ብትጾም ረመዳን ሳይደርስባት ታጠናቅቃለች።

3ኛ. ከሶላት ጋር እናስተሳስረው። ቀናችን በአምስት ወቅት ተከፍሎልናል። «ጊዜ ሳገኝ» ያልነው ነገር ጊዜ አያገኝም። «ከዒሻእ በኋላ» ያልነው ግን በየቀኑ የሚያስታውሰን አዛን አለው።

4ኛ. ለቤተሰብ እናካፍለው። ባል ብቻውን ያቀደውን ሚስት ካላወቀችው፣ የወር ወጪው ይበላዋል። ከመግሪብ በኋላ ሁሉም በተሰበሰበበት እንነጋገር፤ ልጆችም የራሳቸውን አንድ ነገር ይናገሩ። ለዚያራ የተመደበ ገንዘብ ካለ እንደ እቁብ ለአንድ ሰው ይሰጥ፤ እሱም ይጠበቅበት።

5ኛ. በየወሩ እንተሳሰብ። አዲስ ጨረቃ ስትወጣ ደብተሩን እንክፈት። የተሠራው ላይ አልሐምዱሊላህ እንበል። ያልተሠራው ለምን እንዳልተሠራ እንጠይቅ፤ ሸክሙ ከብዶ ከሆነ እንቀንሰው። ሁለት ገጽ ያቃተው አንድ ይቅራ። ሰፈር ወር ላይ የተበላሸ ዕቅድ የሚመጣውን ሙሐረም መጠበቅ የለበትም፤ በረቢዑል አወል ይጀመራል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በዝርዝራችሁ ውስጥ የሰው ሐቅ ካለ፣ ዕዳም ይሁን አደራ፣ የተቆረጠ ዝምድናም ይሁን የእናት ናፍቆት፣ እሱን አስቀድሙ። ያልተቀራ ገጽ ዕድሜ ከሰጠን ነገ ይቀራል፤ የሚጠብቀን ሰው ግን የእሱም አጀል የተወሰነ ነው።

እኔ በአዲሱ ደብተሬ ሦስት ነገር ብቻ ጽፌያለሁ። አንዱ የአክስቴን ልጆች በዓመት ሁለት ጊዜ መዘየር ነው። በረቢዑል ኣኺር እና በሸዋል የመጀመሪያ ቅዳሜ ብዬ ቀኑን ቆርጫለሁ፤ የመሳፈሪያውንም በየወሩ ባለቤቴ ዘንድ አስቀምጣለሁ። አክስቴን በዱዓ እንጂ በእግር አልደርስባትም። ለልጆቿ ስልክ ደውዬ ቀኑን ስነግራቸው ግን «ኢንሻአላህ» አልኩ፤ በዚህ ጊዜ ቃሉ አላሳፈረኝም።

አላህ (ሱ.ወ.) ኒያችንን ያሳምርልን፣ ዕድሜያችንን በረካ ያድርግልን፣ የጀመርነውን ያስጨርሰን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።