ቦነሱ የማን ዕዳ ነው?

በየዓመቱ የካቲት 7 ቀን፣ ፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን እያሉ በሚያከብሩት ዕለት፣ የዴልታ አየር መንገድ ሠራተኞች የትርፍ ድርሻቸውን ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኩባንያው ካለፈው ዓመት ትርፉ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ለ90 ሺህ ያህል ሠራተኞቹ አከፋፍሏል። ለእያንዳንዱ የሁለት ወር ደመወዝ ያህል ማለት ነው። በ2025ም 1.4 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። እሰየው፤ ይገባቸዋል! በዚያው ዕለት በዚያው በሚኒያፖሊስ-ሴይንት ፖል አውሮፕላን ማረፊያ ግን አቅመ ደካማ መንገደኛ በዊልቼር እየገፋ እስከ አውሮፕላኑ በር የሚያደርስ ሌላ ሠራተኛ አለ። ተሳፋሪው የዴልታ፣ በሩ የዴልታ፣ አውሮፕላኑ የዴልታ ነው። የገፊው ደመወዝ ቼክ ላይ የተጻፈው ስም ግን የኮንትራክተር ነው። የትርፍ ድርሻው እሱ ዘንድ አይደርስም።

ውድ አንባቢያን፤ በዚህ ከተማ የምንኖር ሐበሾች በየትኛው ረድፍ እንደምንበዛ መናገር አያሻንም። በአውሮፕላን ማረፊያው፣ በመኪና ማቆሚያው፣ በመሐል ከተማ ሕንፃዎች የሌሊት ጽዳት፣ በጥበቃውና በመጋዘኑ፣ ብዙዎቻችን የምንሠራው ለአንዱ ነው፤ የምንቀጠረው ግን በሌላው ነው።

ታዲያ ቦነሱን ማን ይክፈል? ሠራተኛው አለቃውን ሲጠይቅ «ደንበኛችን ለዚህ የሰጠን ገንዘብ የለም» ይባላል። የሕንፃውን ባለቤት ሲጠይቅ ደግሞ «አንተ የእኛ ሠራተኛ አይደለህም» የሚል መልስ ያገኛል። የሚያናድደው ሁለቱም አለመዋሸታቸው ነው። ሕጉም ቢሆን ብዙ አይረዳውም። ቦነስ በውል፣ በማኅበር ስምምነት ወይም አስቀድሞ በተገባ ቃል ካልታሰረ በቀር የአሠሪው በጎ ፈቃድ ነው፤ በወረቀት ላይ አሠሪው ደግሞ ኮንትራክተሩ ነው።

እኛ ግን ነገሩን ከወረቀቱ ሳይሆን ከገንዘቡ መነሻ እንየው እንላለን። ኮንትራክተሩ ሥራውን የሚያሸንፈው በጨረታ ነው። የሰዓቱን ብዛት በሰዓት ክፍያው ያባዛል፣ ሳሙናውንና ኢንሹራንሱን ይጨምራል፣ ጥቂት ትርፍ ያክልበታል፣ አለቀ። ዋጋውን የቆረጠው፣ «ከዚህ ከበለጠ ሌላ እቀጥራለሁ» ያለው ደንበኛው ነው። ቦነስ በዋጋው ውስጥ ካልገባ ኮንትራክተሩ ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ የገንዘቡ ዕዳ የደንበኛው ነው፤ ሳይሸራረፍ ለሠራተኛው የማድረስ ኃላፊነት ደግሞ የኮንትራክተሩ። የሎካል 26 አባላት የሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ የጽዳት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሥራ ሲያቆሙ በድርድሩ ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጡት የጽዳት ኩባንያዎቹ ነበሩ። ዋጋውን የሚቆርጡት የሕንፃ ባለቤቶች ወንበር ባዶ ነበር።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለምን እጃቸውን ይሰበስባሉ? የገንዘቡ ነገር ብቻ አይደለም። «ቦነስ ከሰጠሁት ነገ ፍርድ ቤት አሠሪዬ ነህ ይለኛል» የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። በ1990ዎቹ ማይክሮሶፍት ለዓመታት «ጊዜያዊ» እያለ ያሠራቸው ሰዎች እንደ ቋሚዎቹ አክሲዮን በቅናሽ የመግዛት መብት ይገባናል ብለው ከሰሱ፤ በ1997 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደገፋቸው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2000 በ97 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ማይክሮሶፍት ከዚያ የወሰደው ትምህርት ግን ሌላ ነበር፦ የኤጀንሲ ሠራተኛ ዓመት ሲሞላው መቶ ቀን ከግቢው ይውጣ የሚል ደንብ አወጣ። (ጠበቃ ያለው ሰው ከሽንፈቱም ያተርፋል።)

ሲፈለግ ግን መንገዱ አይጠፋም። ኮቪድ በበረታበት በጁን 2020 አማዞን የምስጋና ቦነስ ሲሰጥ፣ የእሱን ዕቃ ለሚያደርሱ ንዑስ ኩባንያዎች የተቀጠሩትን ሾፌሮችም ጨምሮ ነበር፤ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ 500፣ ለግማሽ ጊዜ 250 ዶላር። እነዚህ ሾፌሮች የማኅበር ጥያቄ ሲያነሱ «የእኛ አይደሉም» የሚላቸው ያው አማዞን ነው! የሚኒሶታ መንግሥትም በ2022 ለ1,025,655 የግንባር ሠራተኞች ለእያንዳንዳቸው 487.45 ዶላር ሲከፍል የሕንፃ ጽዳቱንና ጥበቃውን ከዝርዝሩ አላወጣም። ማን ነው ቼክህን የሚፈርመው ብሎ ሳይሆን በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤትህ ወጥተህ ሠርተሃል ወይ ብሎ ነው የጠየቀው።

ሕጉም ኃላፊነትን ወደ ላይ መሳብ ይችላል። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በተፈረሙ የግንባታ ውሎች በሚኒሶታ ዋናው ተቋራጭ ንዑስ ተቋራጩ ላልከፈለው ደመወዝ ተጠያቂ ሆኗል። ይህን ወደ ጽዳቱና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ማሻገር የፖለቲካ ፈቃድ እንጂ የሕግ ተአምር አይጠይቅም።

አገር ቤት ስንመለስ ነገሩ የባሰ ነው። በብዙ ባንኮቻችን በር ላይ ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋው ጥበቃ የኤጀንሲ ሰው ነው፤ ባንኩ የቢሊዮን ብር ትርፍ አውጆ ለሠራተኞቹ ቦነስ ሲያድል እሱን አይመለከተውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ቦነስን ከደመወዝ ትርጉም ውጪ ስላደረገው፣ የኅብረት ስምምነት የሌለው ሰው የሚይዘው ገመድ የለም። የመንግሥት ጋዜጣ በምናዘጋጅበት ዘመን «ድርጅቱ ዕቅዱን ከመቶ በመቶ በላይ አሳካ፤ ለሠራተኞቹም ቦነስ ሰጠ» የሚል ዜና በየሐምሌው ይደርሰን ነበር። «ሠራተኞቹ» የሚለው ቃል የኮንትራቱንና የቀን ሠራተኛውን እንደማይጨምር ዜናውን የላከው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

አንድ ነገር ለወገኖቻችን ለባለ ኤጀንሲዎቹ። እዚህ የጽዳትም የቤት ለቤት እንክብካቤም ድርጅት ከፍታችሁ ወገን የምትቀጥሩ አላችሁ፤ እናመሰግናለን። ግን ከደንበኛ ለሠራተኛ ተብሎ የመጣ ገንዘብ በመሐል «የአስተዳደር ወጪ» ተብሎ እንዳይቀልጥ። በዚሁ ግዛት የቤት ለቤት እንክብካቤ ኤጀንሲ ከመንግሥት ከሚቀበለው ገንዘብ ቢያንስ 72.5 በመቶውን ለሠራተኛው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም እንዲያውል ሕግ ያስገድደዋል። ለጽዳትና ለጥበቃ እንዲህ ያለ ሕግ እስኪወጣ፣ በሚቀጥለው የውል እድሳት ላይ ማኅበሩም ሆነ ኮንትራክተሩ ይህችን አንቀጽ ያስገቡ፦ ደንበኛው ለራሱ ሠራተኞች ቦነስ በከፈለ ቁጥር ለኮንትራክተሩ ሠራተኞችም በሠሩት ሰዓት ልክ ይከፍላል፤ ኮንትራክተሩም በ30 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው ያደርሳል፤ ከዚህ ላይ ኮሚሽን አይቆርጥም።