ወደ ግሸን ከመነሣትህ በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ዘንድሮ ከጉዞ ማኅበር ተለይተህ በራስህ መኪና ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ልትሄድ አስበሃል። በግል መጓዝ ኃጢአት አይደለም። ደሴ የምታድርበትን፣ የአምባሰልን ዳገት፣ ነዳጁንና ስንቁን ሁሉ አስልተሃል። ለመሆኑ የንስሐ አባትህን መቼ አማከርኻቸው?

ግማደ መስቀሉ ያረፈበትን ደብር የረገጠ ሁሉ ያለ ንስሐ ይማራል የሚሉህ፣ ቃል ኪዳኑን የይለፍ ወረቀት አድርገውታል። ይህ ድፍረት እንጂ እምነት አይደለም! ከወንድምህ ጋር ተኳርፈህ፣ የቤት ሠራተኛህን ደመወዝ ይዘህ ነዳጅ የምትሞላ ከሆነ፣ በመስቀለኛው አምባ ላይ የምትነሣው ፎቶግራፍ ምን ይመሰክርልሃል? ደመወዟን ዛሬውኑ ክፈላት። ከወንድምህም ጋር ታረቅ፤ መኪናህ ውስጥ ባዶ ወንበር አለ።